አኩኩሉ ከመከታ ጋር

«አልሄድም! ቀበሌ ስሄድ ሰልፍ፣ ትምህርት ቤት ስሄድ ሰልፍ፣ ቤት ስመጣ ደግሞ ከውሻ ጋር ሰልፍ! እኔ የመከታ ወታደር ነኝ እንዴ?»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ጎረቤት ይሰማል» አለ አባቷ ጉደታ።

«ይስማ! ጎረቤት ያልሰማው ነገር አለ? ትናንት የእትዬ በለጡ ልጆች ‹ጓድ ውሻ! ጓድ ውሻ!› እያሉ እስከ ቦኖው ድረስ ተከተሉን። አንተማ ከፊት ከፊት ስለምትሄድ አትሰማም።»

ኢፍቱ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ፣ ሌላውን በካልሲ ብቻ እንደረገጠች ግቢው መካከል ቆማለች። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቁመቷ የእናቷን ትከሻ አልፏል፤ ግትርነቷ ግን የአባቷ ነው። ታናሽ ወንድሟ ኢዶሳ ገና ከአልጋው አልወረደም። ሰሞኑን ጎህ በቀደደ ቁጥር ሆዱን ያመዋል፤ ረፋድ ላይ ይሻለዋል።

ጉደታ በአንድ እጁ የውሻውን ሰንሰለት፣ በሌላው የልጁን ሹራብ እንደያዘ የሚያደርገው ጠፋው። ከሰንሰለቱ ጫፍ መከታ፣ ደረተ ሰፊው ቡናማ ውሻ፣ አንዴ ወደ በሩ አንዴ ወደ ልጅቷ እያየ ያለከልካል።

ከአጥሩ ማዶ የወይዘሮ በለጡ ሻሽ ብቅ አለ።

«አቶ ጉደታ፣ ምነው ልጆቹን በጠዋቱ ባታስለቅሳቸው? ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል። ከጥንት ያየነው ይኸው ነው። ውሻ ማንሸራሸር የፈረንጅ ሥራ ነው።»

«እትዬ በለጡ፣ የተነከሱትን እግር ረሱት እንዴ?»

«እሱን ማን ይረሳዋል? ለዚህ እኮ ነው ሰንሰለቱን አሳጥረው የምልህ!»

ነገሩ የቆየ ነው። መከታን በቡችላነቱ ለዚህ ቤት የሰጡት ወይዘሮ በለጡ ራሳቸው ነበሩ። ሲሰጡም ምክር ጨምረውበታል፤ «ክፉ እንዲሆንልህ ሚጥሚጣ በሥጋ ጠቅልለህ አጉርሰው። ሰው እንዳያይ ከጓዳ ጀርባ እሰረው። ልጆችህም እንዳይነኩት፤ ልጅ የዳበሰው ውሻ ሌባ አይዝም።» ጉደታ የተማረ ሰው ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ የተመሰገነ ቀያሽ ነው። ይሁንና በተወለደበት አገር፣ ከእንጦጦ ወዲያ ማዶ፣ ውሻ ሁሉ ያደገው እንዲሁ ስለነበር ምክሩን ሳይመረምር ተቀበለ። በሙያው አንዲት ጋት ሳይለካ የማያልፍ ሰው፣ ከአባቱ የወረሰውን ልማድ ግን አንድ ቀን እንኳ ለክቶት አያውቅም ነበር። ስንቶቻችን እንዲሁ ነን!

መከታም ከጓዳው ጀርባ፣ ሁለት እርምጃ እንኳ በማያራምድ ሰንሰለት ታስሮ አደገ። ክፋቱ እንደተመኙት መጣለት። ክፋት ግን ሌባን ከጎረቤት አይለይም። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ተበጠሰና የመጀመሪያዋ ተነካሽ መካሪዋ ወይዘሮ በለጡ ሆኑ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ኢታና ጎረቤቶቹን ካስታረቀ በኋላ ለጉደታ ያለው አጭር ነበር። «ጓድ ጉደታ፣ ይህ ውሻ ሁለተኛ ሰው ላይ ጥርሱን ካሳረፈ ሥጋ ይጣልለታል። ያኔ ቅሬታ የለም።» በዚያ ዘመን ሥጋ መጣል ምን ማለት እንደሆነ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። መርዝ የበሉ ውሾች ሲነጋ በየቦዩ ተጋድመው ይገኙ ነበር። ኢዶሳ ያን ዕለት ምሳውን አልበላም።

ጉደታ መከታን ክትባት ሊያስወጋ ሲወስደው የእንስሳት ሐኪሙ የውሻውን አንገት ገልጦ ሰንሰለቱ የላጠውን ቆዳ አየ። «ይህ እብድ ውሻ አይደለም» አለ፤ ከዚያ ወደ በሩ አንዴ ተመልክቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስረኛ ነው። እስረኛ ደግሞ ይከፋል። በየቀኑ አውጡት። ይራመድ፣ ያሽትት፣ ሰው ይልመድ። ከሁሉ በላይ የቤቱ ልጆች አብረውት ይሂዱ።»

ጉደታ ትእዛዝ አክባሪ ነውና ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ውሻውንም ልጆቹንም ይዞ ወደ እንጦጦ ግርጌ መውጣት ያዘ። ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጊዜው የሰፈራ ፕሮግራም የሚካሄድበት ነበርና መሥሪያ ቤቱ ወደ ምዕራብ ሄዶ የሰፈራ ጣቢያ እንዲቀይስ መደበው። ከፋሲካ በኋላ ይሄዳል፤ ከክረምት በፊት አይመለስም። ሚስቱ ዘውድነሽ ኮተቤ በጠዋት ፈረቃ ታስተምራለች፤ ልጆቹ የሚማሩት ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ መከታን የሚያወጣው ሌላ ሰው የለም። ልጆቹ እምቢ ካሉ ውሻው ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል፤ ወደ ሰንሰለቱ ከተመለሰ ይነክሳል፤ ከነከሰ ደግሞ የጓድ ኢታና ሥጋ አለ። ጉደታ ከመሄዱ በፊት ልጆቹን ማስለመድ ነበረበት። እሱ ባስለመዳቸው ቁጥር ግን እነሱ እየጠሉ መጡ።

አወጣጡን ያየ ሰው አይፈርድባቸውም። ጉደታ መንገዱን እንደ ሥራው ቀይሶት ነበር። ከግቢው በር እስከ መብራቱ ምሰሶ፣ ከምሰሶው እስከ ቀበሌው መጋዘን፣ ከመጋዘኑ ዳገቱን ወጥቶ እስከ ትልቁ ጥድ፣ ከዚያ ዞሮ በዚያው መስመር ቤት። እሱ ከነውሻው ከፊት፣ ኢፍቱ ከኋላው፣ ኢዶሳ ከመጨረሻ። ኢዶሳ የጉንዳን ጎዳና ለማየት ካጎነበሰ «ቀና በል!» ይባላል። ኢፍቱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች ጋር ሰላምታ ስትለዋወጥ ወደ ኋላ ከቀረች «ሰዓት አለን!» ይባላል። መከታ ራሱ አንድ ድንጋይ ደስ ብሎት ሊያሸት ቢቆም ሰንሰለቱ ይጎተትና አንገቱ ይታነቃል። ከወራት በፊት ከጓዳ ጀርባ ታስሮ የነበረው ውሻ አሁን ደግሞ እየተራመደ ታሰረ። ልጆቹም አብረውት።

ጉደታ ያልሞከረው የለም። ከረሜላ ገዛላቸው፤ ከረሜላውን በልተው እምቢ አሉ። ተቆጣ፤ እያለቀሱ ሄዱ። አንድ ቀን ቀበቶውን ፈታ፤ ያን ዕለት ደግሞ ኢዶሳ መከታን በአባቱ ፊት በእርግጫ መታው።

«ባንተ ምክንያት ነው!» አለው ውሻውን። «ሁሉም ነገር ባንተ ምክንያት ነው!»

መከታ ጆሮውን ጥሎ ከጉደታ እግር ሥር ተሸጎጠ። ጉደታ ሁለቱን እያየ ደሙ ፈላ፤ ግን በማን ላይ እንደሚፈላ ለራሱም አልገባውም።

በማግስቱ ዘውድነሽን አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሸኛት። ሊያማክራት ነበር ሐሳቡ፤ አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ስሞታ ነው።

«ልጆችሽ ሰነፉ። እኔ ስሄድ ውሻው ሞቷል ብለሽ ቁረጪ።»

«ልጆቼ ሲሰንፉ የኔ፣ አንደኛ ሲወጡ ያንተ!» አለችና ደብተሮቿን ከአንዱ ብብቷ ወደ ሌላው አዛወረች። «ልጆቹ እኮ መከታን አልጠሉትም። ኢዶሳ ከመታው በኋላ ማታ ዳቦውን ቆርሶ ሲሰጠው አይቼዋለሁ። የጠሉት ያንተን መንገድ ነው።»

«መንገዱ ምን ሆነ? ቀጥ ያለ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

«ዘውዴ፣ ጨዋታ ሌላ፣ ግዴታ ሌላ። እኔን ማን አጫውቶኝ ነው ያደግሁት?»

«ታዲያ ደስ ብሎህ ነው ያደግኸው?»

አውቶቡሱ ሰው አጭቆ ወደ ኮተቤ አቅጣጫ ዞሮ ቆመ። ዘውድነሽ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ከሄድህ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ የሚያዛቸው የለም። ያኔ ከአልጋ የሚያስነሳቸው የራሳቸው ደስታ ብቻ ነው። እሱን ካልተውክላቸው ሌላው ሁሉ…» በሩ ተዘጋና ቀሪው ሳይሰማ ቀረ።

ጉደታ ነገሩን ቢሮ ድረስ ይዞት ሄደ፤ ግን አልተቀበለውም። ከተማረች ሚስት ጋር መኖር እንዲህ ነው ብሎ አለፈው። በነጋታው ልጆቹን ይብሱን በጊዜ ቀሰቀሳቸው።

ያን ጠዋት ጭጋጉ ከእንጦጦ ጫፍ ገና አልተነሣም ነበር። ጉደታ ትልቁ ጥድ ጋ ደርሶ እንደ ልማዱ ግንዱን በእጁ ነክቶ ዞረ። ከኋላው ኢፍቱ ብቻ ናት።

«ወንድምሽስ?»

ኢፍቱም ዞር አለች። «አሁን… አሁን ከኋላዬ ነበር።»

«ኢዶሳ!» ብሎ ተጣራ። ድምፁ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ ቀረ። «ኢዶሳ! ቀልድ አይደለም!»

መልስ የለም። በግራ በኩል ጥልቅ ቦይ አለ፤ ባለፈው ክረምት የአንድ ሰው ጊደር ገብታ የሞተችበት። በዚያ ሰሞን ደግሞ ጅብ ሳይነጋ ወደ መንደሩ ጠርዝ ይወርድ ነበር። ጉደታ ልጁ ቤት ለመመለስ የሚመርጠው መንገድ የትኛው እንደሆነ በአእምሮው አሰላና ወደ ታች ሮጠ። መከታ ግን ወደ ግራ ሳበ። ጉደታ ጎተተው። ውሻው አሁንም አራት እግሩን ተክሎ ወደ ግራ ሳበ፤ አፍንጫው መሬት ላይ ነው።

«ቀጥ በል አንተ! አሁን ያንተ ማሽተቻ ጊዜ ነው?»

«አባዬ፣ እሱ የሸተተው ነገር አለ! ልቀቀው!» አለች ኢፍቱ እያለቀሰች።

«ልቅቀውና ደግሞ ሰው ይንከስ?»

«አትልቀቀው! ዝም ብለህ ተከተለው!»

ጉደታ ይህን ውሻ ማሳደግ ከጀመረ ወዲህ ተከትሎት አያውቅም። እጁን ላላ አደረገ። መከታ ከመንገዱ ወጥቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ፤ ጉደታ ከኋላው። እሾህ ሱሪውን ያዘው፤ በቦዩ ዳር አዳልጦት በጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ተንበረከከ፤ ተነሥቶ እንደገና ሮጠ። ውሻው አንድ ጊዜ ቆም ይላል፣ አየሩን ይስባል፣ ይጣመማል። በዚያ ጥምዝምዝ መንገድ ላይ አንዲት ቀጥ ያለ መስመር አልነበረችም።

የወደቀ ጥድ ሥር፣ ሥሩ ሲነቀል በተፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ፣ ኢዶሳ ጉልበቱን አቅፎ ቁጭ ብሏል። መከታ ዘሎ ገባበትና ፊቱን ይልሰው ጀመር። ልጁ በሳቅ ፈነዳ።

ጉደታ እጁን አነሣ። ፍርሃቱ ወደ ቁጣ ተለውጦ ክንዱ ላይ ወጥቶ ነበር።

«እንዴት አገኘኝ?» አለ ኢዶሳ፣ የተነሣውን እጅ ሳያይ። «ትንፋሼን ሁሉ አጥፍቼ ነበር እኮ! አባዬ፣ እንደገና ልደበቅ? እንደገና ይፈልገኝ!»

«ለምንድን ነው የተደበቅኸው?» አለ ጉደታ በተሰበረ ድምፅ። «ለምንድን ነው?»

ልጁ አሁን እጁን አየ። ሳቁም ጠፋ።

«ጉዞው ቶሎ እንዲያልቅ» አለ።

የጉደታ ክንድ ቀስ ብሎ ወረደ። ኢፍቱ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወንድሟን ከጉድጓዱ ጎትታ አወጣችው፤ አንዴ በኩርኩም መታችውና ወዲያው አቀፈችው፤ ከዚያ፣ ልጆች ብቻ በሚችሉት ፍጥነት፣ «አሁን የኔ ተራ ነው። አንተ የመከታን ዓይን ያዝልኝ። እንዳታጭበረብር!» ብላ ወደ ዛፎቹ ሮጠች።

ኢዶሳ ወይዘሮ በለጡን የነከሰውን ውሻ ዓይን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ውሻው ዝም አለ።

«አኩኩሉ!» ብሎ ጮኸ ልጁ።

«አልነጋም!» አለች ኢፍቱ ከሩቅ።

ጉደታ ያን ቀን ሥራ የገባው አርፍዶ፣ ከነጭቃው ነው። አለቃው ሲጠይቀው «ልጅ ጠፍቶብኝ ነበር» አለ፤ ውሸትም አልነበረም።

ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የቅየሳ መስመር የሚወጥርበትን አሮጌ ረጅም ገመድ ይዞ መጣ። ከመከታ አንገት ሰንሰለቱን ፈትቶ ሚስማር ላይ ሰቀለውና በምትኩ ያን ገመድ ከለስላሳ የጨርቅ አንገት ማሰሪያ ጋር አሰረለት። ውሻው እንደ ልቡ ያሸታል፣ ይጣመማል፣ ከእጅ ግን አያመልጥም። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ኢዶሳን ሆዱን አላመመውም፤ አባቱን የቀሰቀሰው እሱ ነው።

ሰው ግን በአንድ ቀን አይለወጥም። ጉደታ በሦስተኛው ጠዋት «የመደበቂያው ርቀት መወሰን አለበት፤ ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ዛፍ…» ብሎ ሲጀምር ኢፍቱ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አባዬ፣ ጨዋታውንም ልትቀይሰው ነው?»

ጉደታ ተናደደ፤ ከዚያ ሳቀ፤ እየሳቀም ትንሽ ተናደደ። ከዚያ ወዲያ መንገዱን የሚመርጡት በየተራ ሆኑ። አንድ ቀን ኢዶሳ ወደ ጅረቱ፣ አንድ ቀን ኢፍቱ ወደ ሴቶቹ ማረፊያ፣ አንድ ቀን ደግሞ መከታ ራሱ አፍንጫው ወደመራው። ሴቶቹም ውሻውን ለመዱት፤ «ዛሬ ማን ጠፋ?» እያሉ ከሸክማቸው ሥር ይጠይቃሉ። የወይዘሮ በለጡ ልጆች አሁንም ይከተላሉ፤ ግን ለመሳደብ አይደለም፤ «እኔም ልደበቅ» ለማለት ነው።

አንድ እሑድ ዘውድነሽም አብራ ወጥታ ሲመለሱ ወይዘሮ በለጡን ከቦኖው ውሃ ይዘው ሲመጡ በር ላይ አገኟቸው። ሴትዮዋ በድንጋጤ ደርቀው ቀሩ። ኢፍቱ ገመዱን ሰበሰበች። መከታ ቀስ ብሎ የቀሚሳቸውን ጫፍ አሸተተ፣ አነጠሰ፣ አለፈ።

«ይኼ ውሻ ከእንግዲህ አለቀለት!» አሉ ወይዘሮ በለጡ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ሌባ አይዝም!»

«ድሮስ የያዘው እርስዎን አይደል እትዬ በለጡ?» አለች ዘውድነሽ።

ወይዘሮ በለጡ ሊቆጡ አሰቡና አቃታቸው፤ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ይሁን እንጂ ገመዱ ግቢ እስኪገባ ድረስ ካሉበት አልተነቃነቁም። የተነከሰ ሰው እምነቱ የሚመለሰው ቀስ እያለ ነው፤ ይህም መብታቸው ነው።

ውድ አንባቢ፣ በየግቢያችን ከጓዳ ጀርባ የታሰረ አንድ መከታ አለ። ሚጥሚጣ አብልተን፣ አንገቱን አቁስለን፣ «ክፉ ሆነልን» ብለን እንመካለን፤ ክፋቱ ዞሮ የራሳችንን ልጅና ጎረቤት ሲያገኝ ደግሞ መርዝ እንፈልጋለን። ይህ ልማድ ይብቃን። ውሻ ይራመድ፣ ሰው ይልመድ። ልጆቻችንንም ኃላፊነት እናስተምር ስንል ኃላፊነቱን ሰንሰለት አናድርግባቸው። በቁጣ ያስለመድነው ሥራ እኛ ዘወር ስንል ይቀራል፤ ልጁ የኔ ነው ብሎ የወደደው ሥራ ግን እኛ ባንኖርም ይሠራል። ለጠዋት ጉዞ ጥቂት ድብብቆሽ፣ ጥቂት ጠማማ መንገድ፣ ጥቂት መዘግየት ቢጨመርበት የሚጎድልብን የለም።

የጉደታ መሄጃ ቀን ደረሰ። ዘውድነሽን ማልዶ ፌርማታው ድረስ ሸኝቶ ተሰናበታት። ልጆቹ «ስንመለስ እንስምሃለን፤ እንዳትሄድ!» ብለውት ከመከታ ጋር ወጡ። እሱም ሻንጣውን እያሰረ ሊጠብቃቸው አስቦ ነበር። መኪናው ግን ከተባለው ሰዓት ቀድሞ መጣ።

«ጓድ፣ ሌሎቹ ጉርድ ሾላ ቆመው እየጠበቁን ነው» አለ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ። «ቤተሰብ አለ? ጥሩምባ ልንፋላቸው?»

ጉደታ ወደ ዳገቱ አየ። ጭጋጉ ተነሥቷል። ከመጋዘኑ በላይ፣ ዛፎቹ ከሚጀምሩበት ላይ፣ ኢፍቱ በጉልበቷ ተንበርክካ የመከታን ዓይን በመዳፎቿ ሸፍናለች። ኢዶሳ የለም። ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታለች።

«ተወው» አለ። «ጥሩምባውን ተወው።»

ሻንጣውን ከኋላ ወረወረ። መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል በክፍቱ የግቢ በር በኩል ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሰንሰለት አየ፤ ከላይ ከላዩ መዛግ ጀምሯል። ገባና የመኪናውን በር በቀስታ ዘጋው። መኪናው በኮረኮንቹ እየተንገጫገጨ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ። ጉደታ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«አኩኩሉ!» አለ የልጅቷ ድምፅ ከላይ።

«አልነጋም!»

መኪናው ወደ ጉርድ ሾላ ለመታጠፍ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«አኩኩሉ!»

ከዛፎቹ መካከል፣ ከሩቅ፣ «ነጋ!» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ኢፍቱ እጇን ከውሻው ዓይን ላይ አነሣች፤ መከታ አፍንጫውን ወደ ጫካው አድርጎ ሮጠ፤ ረጅሙ ገመድ ከኋላው ተዘረጋ።